ሃምሳ ሁለት ግራ እጅ

(በአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፤ ሱፐርቫይዘሩ ጋሽ አንዳርጌ የስድስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርቷ ይመኙሻል ስታስተምር ገምግመው እንደወጡ።)

ይመኙሻል፦ እንደሱ ብለው አይጻፉብኝ ጋሼ! የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። «አልበቃችም» ካሉ እባረራለሁ።

አንዳርጌ፦ ታዲያ በቅታለች ልበል? አንቺ እኮ አስተማሪ አይደለሽም፤ ቲያትር አዘጋጅ ነሽ።

ይመኙሻል፦ ልጆቹ ሁሉም እጃቸውን አውጥተው...

አንዳርጌ፦ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን! አንቺም ቀኝ ቀኙን እየመረጥሽ ትጠይቂያለሽ። ለእኔ? ለቀባሪው አረዱት!

ይመኙሻል፦ ፈርቼ ነው ጋሼ።

አንዳርጌ፦ ግራውን ያወጣውን አንዱን አስነሣሁት። የ«ኢት»ን ሦስተኛ ቅርጽ ንገረኝ ብለው፣ ከ«ቢ፣ ዋዝ፣ ቢን» ጀምሮ እንደ ዳዊት ይደግምልኝ ገባ።

ይመኙሻል፦ «ኢት» ጋ እስኪደርስ ቢታገሡት ይመልስልዎት ነበር።

አንዳርጌ፦ እዚያው ይምሽብኝ? ያቺኛዋ ደግሞ «ቢዩቲፉል» ምን ዓይነት ቃል ነው ብላት፣ «ግስ» ብላኝ እርፍ! ግስና ቅጽል ያልለየ ክፍል ይዘሽ አንቺም መምህር ትባያለሽ።

ይመኙሻል፦ ሃምሳ ስምንት ናቸው እኮ። መጽሐፉም ለአራት አንድ ነው።

አንዳርጌ፦ ለሰበቡማ ማን ብሎሽ! አንቺን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኔ ሰባ ተማሪ ነበረኝ። ኢንስፔክተር ሲመጣ ሰባውም እጅ ብድግ! ሰውዬው አጨብጭቦ ነው የወጣው።

ይመኙሻል፦ አዎ፣ አጨብጭቧል። ቡናማ ኮት ነበር የለበሰው።

አንዳርጌ፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

ይመኙሻል፦ ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ! ሰባተኛ «ቢ»፣ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ግራ እጄን እንዳወጣሁ ዓመቱ አለቀ። ግስና ቅጽል የለየሁት ኮሌጅ ገብቼ፣ ስንት ሰው ከሳቀብኝ በኋላ ነው።

አንዳርጌ፦ ... የአቶ ጥጋቡ ልጅ ነሽ እንዴ?

ይመኙሻል፦ ነኝ። «ጎበዝ፣ በርቺ» እያሉ ያሳለፉኝ።

አንዳርጌ፦ እ... ጊዜው እንደዚያ ነበር ልጄ። ማለፊያው ስንት ነው፣ ሰባ? ሰባ ሁለት ላድርግልሽ።

ይመኙሻል፦ ነጥብዎን ለራስዎ ያቆዩት። እኔም ያደረግኩት ነውር ነው፤ እነዚህን ልጆች እንደ ራሴ ላስቀራቸው ነበር። ነገ ጠዋት ተመልሰው ይግቡ። የሚያውቁት ስድስቱ ብቻ እጃቸውን ያወጣሉ። ሃምሳ ሁለቱን እርስዎ ያስተምሩልኝ፤ እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ የግምገማ ወረቀቱን እሞላለሁ።