ሊነቀሉ የነበሩ ስምንት ቺፖች

— ሄሎ?... አቤት አጎቴ አምፖፎ! ኦሴይ ነኝ... ደህና፣ ይመስገነው። ኬፕ ኮስት እንዴት ነው?... ፎቶው ደረሰዎት? አዎ፣ አሮጌ የኮምፒውተር ካርድ ነው። እዚህ ኩማሲ ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ከቆራሌ በኪሎ ከገዛሁት ጆንያ ነው የወጣው።

— የለም፣ ገና አልነቀልኩም። መበየጃው ግን ግሏል... ምን ላድርግ? እማማ ፎስዋ ወንበሬን ይዘው እያፈጠጡብኝ ነው። የሟች ባላቸው ኮምፒውተር ስክሪኑ ጨለመ። ባላቸው የደረሱት መዝሙር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ መዘምራኑ እሁድ ይፈልጉታል... የስክሪን ካርዱ ሜሞሪ ነው የሞተው። ፎቶውን የላክሁልዎት ካርድ ላይ ደግሞ ልክክ የሚሉ ስምንት ቺፖች አሉ።

— መጣሁ እማማ! አጎቴ ናቸው... አዎ፣ ወሬ የማይጨርሱት... እንዴ፣ ሰሙኝ?

— ልጣፍ? አለ፣ ትልቁ ቺፕ ላይ። በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ቁጥሩን ልይ ብዬ ልላጠው ስል... እሺ! እሺ! አይጩሁብኝ፣ አልነካሁትም!... ብርሃን ከገባው ይጠፋል? ምኑ?... ቺፑ ውስጥ የተጫነው ፊደል?

— የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ?! ይቀልዳሉ... ከጓደኞችዎ ጋር አራት ብቻ ነው የሠራችሁት? ሦስቱ ጠፍተዋል? እኔ ሳልወለድ!... እና ይሄም የስክሪን ካርድ ነው? የቋንቋችንን፣ የትዊን ፊደል የሚያወጣ?... ታዲያ አሁን እኚህን ሴትዮ ምን ልበላቸው? «ለዓለም አንድ የቀረ ካርድ ነው፣ መዝሙሩ ይቅርብዎት» ልበል?

— እ?... እንዳለ?... ሳልነቅል፣ እንዳለ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ልሰካው?... ኧረ እኔ ደንቆሮ! በሬ ባየ ቁጥር ብልት የሚቆጥር ባለልኳንዳ ሆኛለሁ።

— አይዝጉ፣ በትከሻዬ ይዤዎታለሁ... ሄሎ፣ ይሰሙኛል? ሰካሁት። አበራሁ... ጨለማ ነው... አሁንም ጨለማ... በራ! አጎቴ፣ በራ! እማማ፣ ይምጡ፣ መነጽርዎን ይዘው!

— ምን አሉ እማማ?... አጎቴ፣ «ድሮ በፊደላችን ቦታ ይመጣ የነበረው ጠማማ ምልክት ሁሉ ጠፍቶ ፊደላችን ገባ» ይላሉ... አዎ፣ አፏን የከፈተችው የትዊዋ ኦ፣ እሷም አለች!... አጎቴ፣ እያለቀሱ ነው እንዴ?... ጉንፋን? ኩማሲ ድረስ የሚሰማ ጉንፋን!

— ስልኩን በእጄ ላስጠጋልዎት፣ ይስሟቸው! ከስክሪኑ ላይ እያነበቡ መዘመር ጀመሩ... ምን አጠፋሁ እማማ?... እሺ!... አጎቴ፣ «ዝም ብለህ አትቁም፣ አጨብጭብ» እያሉኝ ነው። አንድ እጅ ደግሞ ብቻውን አያጨበጭብም... ልዝጋው፣ ቻው!