የክር ፋብሪካውን ዳግም ያስነሡት የጋሽ ብሎን ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ሁላችንም ጋሽ ብሎን እያልን የምንጠራቸውን ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ በፊታችሁ ቆሜያለሁ።

ጋሽ ብሎን ከዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው የእናታቸውን የስፌት መኪና ፈትተው መልሰው ሲገጥሙ አንድ ብሎን በእጃቸው ተርፎ ቢቀርም መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ፀጥ ብሎ ስለ ሰፋ፣ አባታቸው ሊቀጧቸው ያነሡትን እጅ መልሰው ሙያ ትምህርት ቤት እንዳስገቧቸው፣ ቅጽል ስማቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ጸናባቸው ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በክር ፋብሪካው የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። በዚያም የአንዲት ፈታይ ማሽን ከሌሎቹ ሁሉ እየተለየ ይቆም ነበርና፣ ሞተሩን ከማሽኑ የሚያገናኘው ቺንጋ በየቀኑ ለምን እንደሚላላ ጋሽ ብሎን ብዙ ተመራምረው ሊደርሱበት አልቻሉም፤ ፈታይዋ ሆን ብለው ቺንጋውን የሚያላሉት ራሳቸው እንደ ነበሩ የነገሯቸው ከተጋቡ ከዓመት በኋላ ነው። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ ሠራተኛው ሲበተን ጋሽ ብሎንና የፋብሪካው ጥበቃ የነበሩት የባለቤታቸው ወንድም ከበሩ አንሄድም ብለው ቀሩ። ዝርፊያው አራት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን ጥበቃው በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ጋሽ ብሎንም በጠመንጃ ሰደፍ ተመትተው የግራ ጆሯቸው መስማት ተሳነው። ማን እንደ ተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰላም ወርዶ የሽግግር መንግሥት ከተቋቋመ በኋላ ከለጋሾች የተላከ የጥናት ቡድን መጥቶ ሁለት ቀን ከተመለከተ በኋላ ፋብሪካው እንዲዘጋ፣ የቀረው ብረት እንዲሸጥ፣ ለሠራተኛውም የእህል እርዳታው እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ። በስብሰባው ላይ ጋሽ ብሎን ተነሥተው፣ «ስለ ስንዴው እናመሰግናለን፤ በልተነዋል። አሁን ግን ቺንጋና ኩሽኔታ ስጡንና ሦስት ወር ታገሡን» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ የቡድኑ መሪ የነበሩት ሴት ግን አልሳቁም። በማግስቱ ብቻቸውን ተመልሰው መጥተው ከጋሽ ብሎን ጋር ቀኑን ሙሉ በእያንዳንዱ ማሽን ሥር እየተንበረከኩ ካዩ በኋላ ጥናታቸውን እንደገና ጻፉ፤ ጄኔሬተርና መለዋወጫም መጣ።

ነገር ግን አሥራ አንድ ሞተሮች ተወስደው ነበር። ወሳጆቹ እነማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ብሎን ፖሊስ ሳይዙ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ ሞተር ይዞ የመጣን ሰው ከየት አመጣኸው ብለው እንደማይጠይቁት፣ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ ብለው ግን እንደሚጠይቁት ነገሯቸው።

ከተዘዋወሩባቸው ቤቶች አንዱ የእኔ ነበር። ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ ሲጠይቀኝ ይህ ነገር ሳይዘለል ይጻፍ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ሞተሩን የወሰድኩት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆኜ ነው። ጥበቃው ሲሞቱ የተኮስኩት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን እዚያ ነበርኩ።

ሞተሩን በጋሪ አድርጌ በመለስኩ ቀን ነባሮቹ ሠራተኞች ዘራፊ ከእኛ ጎን አይቆምም ብለው ሥራ አቆሙ። ጋሽ ብሎንም፣ «እነዚህን ውጭ ብንተዋቸው የሚቀጥለው ጦርነት ይቀጥራቸዋል» ከማለት በቀር አልተከራከሯቸውም። ከሁሉ የከበደው የቤታቸው ነገር ነበር፤ እቴቴ የምንላቸው ባለቤታቸው ወንድማቸውን በዚያ በር አጥተዋልና ሦስት ሳምንት ሙሉ ከባላቸው ጋር አልተነጋገሩም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እኔ የተበጠሰ ክር መቀጠል አቅቶኝ ስታገል እቴቴ ከኋላዬ መጥተው፣ «እጅህን አታጥብቀው፤ እንዲህ ነው» ብለው ጣቶቼን ይዘው አሳዩኝ። እቴቴ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እኔም ይቅርታ የጠየቅኋቸው ትናንት ነው።

ይህን ያዩ ነባሮቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ማሽኖቹም ተራ በተራ ተነሡ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ዳግመኛ ሲገለበጥና ለጋሾቹ ሲወጡ ሰው ሁሉ አለቀ ሲል፣ ጋሽ ብሎን አስቀድመው የማሽኑ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በራሳችን የብረት መቅረጫ ቶርኖ ማውጣት አስተምረውን ነበርና ፋብሪካው ለአንድ ሳምንት እንኳ አልተዘጋም። በዚያ ክረምት ከሁለቱም ወገን፣ ከነባሮቹም ከዘራፊዎቹም፣ የነበርን ሰዎች በየተራ በሩን ጠብቀናል።

ለብዙ ዓመት የማጉት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ ላለፉት ሁለት ዓመታት በሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ለቀብራቸው ማሽን እንዳይቆም አጥብቀው አዝዘዋልና የዛሬዎቹ የቀን ተረኞች እዚህ ባለመገኘታቸው ማንም ቅር እንዳይሰኝ ቤተሰቡ ይለምናል።

ጋሽ ብሎን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም አብረናቸው እንድንቆም የፈቀዱልንን እኛን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ለደከመው ደረታቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ከደጋጎቹ ጋር ማደሪያን ይስጥልን፤ ለእቴቴና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያድልልን፤ በዚያ በር የወደቁትን ወንድማቸውንም አብሮ ያስብልን። አሜን።