ላሚቱ ስትዘፍን ያንቀላፋችው

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ዓርብ ከሰዓት፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ እሑድ ለሽምግልና የሚለብሱትን ኮት ቁልፍ እየተከሉ ነው፤ ከውጭ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው መክብብ ደግሞ ራሱ የላከውን ሽምግልና ሊያስቀር መጥቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ሳይጨርስ አፍሮበታል።

ጋሽ እንድሪስ፦ እስቲ ድገመው። ጆሮዬ ነው ወይስ አንተ?

መክብብ፦ ተኛች ነው ያልኩዎት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ማኅደር።

መክብብ፦ ማኅደር።

ጋሽ እንድሪስ፦ የት?

መክብብ፦ እኛ ቤት፣ ሶፋ ላይ። ተቀምጣ። ፊልም እያሳየኋት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ስለዚህ እሑድ እኔ፣ ቄሱና መምህር አለልኝ አቶ አሰግድ ቤት ሄደን ልጃቸውን አንለምንም።

መክብብ፦ ለጊዜው ይቆይ ነው የምለው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሽምግልና ሱሪ ነው ልጄ፤ አንዴ ካሳጠርከው አይረዝምም። ደሞ አንተ "ለጊዜው" ስትል እፈራለሁ። የመጣህ ቀንም "ለጊዜው ነው" ብለህ ነበር። እናትህ ሻንጣውን እስካሁን አልፈታም ትላለች።

መክብብ፦ አንዱን ፈትቻለሁ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ማሻአላህ። አቶ አሰግድ የግቢያቸውን ግንብ ኖራ አስቀብተዋል። ሄጄ ምን ልበላቸው? "ልጅዎን ልንለምን አስበን ነበር፤ ነገር ግን ፊልም ሲታይ አንቀላፍታለችና ትተነዋል" ልበል?

መክብብ፦ እንደዚያ ሲሉት ያስቃል።

ጋሽ እንድሪስ፦ እንዴት ብለው ነው የማያስቀው? ንገረኝና እንደዚያ እለዋለሁ።

መክብብ፦ ነገሩ እንቅልፉ አይደለም ጋሼ። ይህን ፊልም የማይወድ ሰው... እንዴት ልበልዎት። እኔን የሚያውቀኝ አይመስለኝም።

ጋሽ እንድሪስ፦ እኔ አላየሁትም። አላውቅህም ማለት ነው? ክርስትና ስትነሣ የለበስካትን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

መክብብ፦ የእርስዎ ሌላ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ምን ዓይነት ፊልም ነው እንቅልፍ የሚከለክለው?

መክብብ፦ በሥዕል የተሠራ ነው። ካርቱን።

ጋሽ እንድሪስ፦ የልጆች።

መክብብ፦ የአዋቂዎች። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እህቴ "ካርቱን አለህ አሉ" ስትለኝ እኔም ሳላስብ ሰጠኋት፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ከፈተችላቸው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ቆይ፣ የመምህር አለልኝ የልጅ ልጅ ቁራ ባየ ቁጥር ዓይኑን የሚሸፍነው በዚህ ነው?

መክብብ፦ በዚህ ነው። መኝታ ቤት የሚገቡበት ቦታ አለ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ማንና ማን?

መክብብ፦ ቁራውና ላሚቱ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እ?

መክብብ፦ ባልና ሚስት ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ፦ አልሀምዱሊላህ። እሱ ነበር ያስጨነቀኝ። ማን አጋባቸው?

መክብብ፦ አይነገርም።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሽማግሌ ሳይላክ የተጋባ መጨረሻው ይኸው ነው።

መክብብ፦ መጨረሻቸውን መቼ ነገርኩዎት?

ጋሽ እንድሪስ፦ ቁራና ላም ተጋብተው ደህና ይሆናሉ ብለህ ነው? ያም ሆነ ይህ፣ እኔ ያላወቅሁትን ጉዳይ ይዤ የሰው ደጅ አልቆምም፤ የቁራ መልክተኛ አታድርገኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አንተ ደግሞ የውሃ መሐንዲስ ነህ። ከምንጩ ጀምርልኝ።

መክብብ፦ ፕራግ ነው ያየሁት። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ። ዝናብ መጣና አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ውስጥ አምስት ሰው ነበርን።

ጋሽ እንድሪስ፦ ደህና ነው፤ አምስት ሰው።

መክብብ፦ ሁለቱ ከዝናቡ የተጠለሉ ናቸው። አንዱ የሲኒማው ጥበቃ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ አንተ አራተኛ። አምስተኛውስ?

መክብብ፦ አምስተኛውን፣ ሰው ፊት ስናገር ነው የምጨምረው። አራት ነበርን።

ጋሽ እንድሪስ፦ ቀጥል።

መክብብ፦ ስድስት ሰዎች ሰባት ዓመት ሙሉ በእጃቸው የሣሉት ነው። እያንዳንዷን ላባ። በየከተማው አንድ ሳምንት ታየና ወረደ። ጋዜጣ ላይ የጻፈበት አንድ ሰው ነው፤ እሱም "ሙዚቃው ይጮኻል" ብሎ አለፈው። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ፊልም የሚወድ ሰው ቢሰበሰብ እዚህ ቤት ይበቃዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ጋሽ እንድሪስ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰውዬ አንተ ነህ ለካ። ይጮኻል እንዴ ሙዚቃው?

መክብብ፦ ሮክ ነው ጋሼ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሮክ ምንድን ነው?

መክብብ፦ የተናደደ ሰው ሙዚቃ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ያልተናደደውስ ሲሰማው?

መክብብ፦ ይናደዳል።

ጋሽ እንድሪስ፦ ገባኝ። ቁራው ምን ይሠራል?

መክብብ፦ ጊታር ይመታል። እጁ ወርቅ ነው፤ ድምፁ ግን የቁራ ድምፅ ነው። ላሚቱ ወተት ፋብሪካ ተቀጥራለች።

ጋሽ እንድሪስ፦ ተቀጥራ ነው ወይስ ታልባ?

መክብብ፦ ሁለቱም። የፊልሙ ማኅበራዊ ትችት እዚህ ላይ—

ጋሽ እንድሪስ፦ ትችቱን ተወውና ላሟን ንገረኝ።

መክብብ፦ አንድ ቀን ስትታለብ ታንጎራጉራለች። ቁራው መስኮት ላይ ሆኖ ይሰማታል፣ ጊታሩ ከእጁ ይወድቃል። አስኮብልሎ ይወስዳታል። ባንድ ያቆማሉ፣ ከተማው ያብዳል። ከዚያ ነው እንግዲህ ለልጆች አይሆንም የተባለው።

ጋሽ እንድሪስ፦ በመኝታ ቤቱ?

መክብብ፦ በእሱም። ግን ዋናው መድረክ ላይ ራቁቷን ናት ብለው ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ላም መቼ ለብሳ ታውቃለች?

መክብብ፦ እኔም ይህንኑ ጽፌያለሁ። በሁለት ገጽ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እሺ፣ ከተማው አበደ።

መክብብ፦ ከተማው ሲያብድ ቁራውም አበደ። ዘፈኖቿን እኔ ነኝ የደረስኳቸው ማለት ጀመረ። እሷን ከኋላ አቆማትና ከፊት ሆኖ በዚያ ድምፁ ራሱ ዘፈናቸው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሌባ።

መክብብ፦ ቆይ ጋሼ፣ ቁራው ውስብስብ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሌባ ሁሉ ውስብስብ ነው። ከዚያስ?

መክብብ፦ ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን ይመጣል። የላሚቱ። ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጨልማል፤ ቁራ የለ፣ ከተማ የለ፣ ድምጿ ብቻ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሰባት ደቂቃ ምንም አይታይም?

መክብብ፦ ምንም። ሃያ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ማስረከብ በነበረብኝ ሳምንት፤ አስተማሪዬ የግድቡን ስሌት ሲጠብቅ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ምን አልክ በሃያ ሁለት ገጽ?

መክብብ፦ "ጨለማው የዝምታዋ ቀለም ነው" አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ነው?

መክብብ፦ በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱን ፈልጌ አገኘሁትና ጠየቅሁት። ላሚቱን የሚስለው ልጅ ያኔ እጁ ተሰብሮ ነበር አለኝ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ጽሑፉን ቀየርከው?

መክብብ፦ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እና ማኅደር የተኛችው እዚህ ላይ ነው።

መክብብ፦ እዚሁ ላይ። ከሁሉም በሚበልጠው ቦታ ላይ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሰባት ደቂቃ ጨለማ። ደሴ ውስጥ።

መክብብ፦ አዎ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ልጄ፣ መብራት የጠፋ መስሏታል።

መክብብ፦ እናቴም ያኔ ሻማ ፍለጋ ተነሥታ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ፦ ለስንት ሰው አሳየኸው ከመጣህ?

መክብብ፦ ለአሥራ አንድ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ስንቱ ጨረሰው?

መክብብ፦ አንድ። የግቢያችን ዘበኛ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እሱማ አለመተኛት ሥራው ነው። ማኅደር ከየት ነበር የመጣችው የዚያን ቀን?

መክብብ፦ ከሥራ። አዋላጅ አይደለች? ተረኛ ነበረች።

ጋሽ እንድሪስ፦ ስንት አዋልዳ?

መክብብ፦ አራት። አንዷ መንታ ነው የወለደችው።

ጋሽ እንድሪስ፦ አምስት ነፍስ ተቀብላ መጥታ ለላም ታጨብጭብ ነው የምትለው። ስትተኛ አንተ ምን አደረግህ?

መክብብ፦ ምንም። አየኋት።

ጋሽ እንድሪስ፦ እስከ መቼ?

መክብብ፦ እስክትነቃ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ፊልሙንስ?

መክብብ፦ ፊልሙንማ በቃሌ ነው የማውቀው። ስትነቃ "ምን ተሰማሽ?" አልኳት።

ጋሽ እንድሪስ፦ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ምን ይሰማዋል? ይርበዋላ። መጨረሻቸውን ንገረኝ።

መክብብ፦ ትታው ትሄዳለች። ባንዱ ይፈርሳል። ቁራው ያረጃል፣ ላባው ይረግፋል። አንድ ቀን እሷ የምትኖርበት ፎቅ ትይዩ ጣሪያ ላይ ይወጣና አንድ ክር በቀረው ጊታር ይጫወትላታል። መስኮቷን ትከፍታለች። እስኪጨርስ ትሰማዋለች። ከዚያ መስኮቱን ትዘጋዋለች። አለቀ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ዘጋችው?

መክብብ፦ ዘጋችው።

ጋሽ እንድሪስ፦ አበጀች።

መክብብ፦ እኔ ሁልጊዜ የማለቅሰው እዚያ ላይ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ለማን?

መክብብ፦ ለቁራው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ለሌባው። እንግዲህ ስማኝ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ባልና ሚስት ሳስታርቅ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቼ አልፈረድኩም። የቁራውን ጠበቃ ሰማሁ። የሚስቲቱ ቃል ይቀረኛል። ጨለማው ውስጥ ምንድን ነው የምትለው?

መክብብ፦ በእነሱ ቋንቋ ነው። ሲተረጎም ይበላሻል።

ጋሽ እንድሪስ፦ የተበላሸ ስጠኝ። መጠገን ሙያዬ ነው።

መክብብ፦ "ስትጫወትልኝ ዓይንህን ከፊቴ አትነቅልም፤ ያየን ሁሉ ፍቅር ነው ይላል። የምታየው ግን እኔን አይደለም። ፊቴ ላይ አንተ እንዴት እንዳማርክ ነው የምታየው። መብራቱን አጥፋልኝ። አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳያየኝ ልዝፈን።"

ጋሽ እንድሪስ፦ ይህ ነው የተበላሸው?

መክብብ፦ በእነሱ ቋንቋ ቤት ይመታል።

ጋሽ እንድሪስ፦ ይህን በሃያ ሁለቱ ገጽ ውስጥ አላነሣኸውም?

መክብብ፦ ገጽ አሥራ አራት ላይ አንሥቼዋለሁ። "ዘፈኑ ተመልካቹን ይወቅሳል" ብዬ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ተመልካቹ ማን ነው?

መክብብ፦ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ፦ በል እኔም የያዝኩትን ላውጣ። አቶ አሰግድ ትናንት ልከውብኝ ነበር።

መክብብ፦ ምን ብለው?

ጋሽ እንድሪስ፦ እሑድ አትምጡ ብለው።

መክብብ፦ እንዴት? ለምን?

ጋሽ እንድሪስ፦ ማኅደር ናት ያስባለቻቸው። ሄጄ አነጋገርኳት። "ከእንቅልፌ ስነቃ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አፍጥጦ ያየኝ ነበር። አንድ ፊልም ሳይሆን ዕድሜ ልክ ነው የምፈተነው፤ አልችልም" አለችኝ።

መክብብ፦ ትናንት? ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ቁራና ስለ ላም ሲጠይቁኝ—

ጋሽ እንድሪስ፦ ገብተህ "ይቅር" ስትል እፎይ ነው ያልኩት። አንተ አትፈልግ፣ እሷ አትፈልግ፤ ያለ ክርክር ያለቀ ሽምግልና አይቼ አላውቅም። አሁኑኑ ሄጄ "ተስማምተዋል" እላቸዋለሁ።

መክብብ፦ አይሂዱ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ለጊዜው?

መክብብ፦ ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ። ኮቱንስ ታዲያ ለምን ይሰፉታል?

ጋሽ እንድሪስ፦ ቁልፍ ስለጎደለው። ምን ትላለህ? ቶሎ በል፣ ቄሱም እየጠበቁኝ ነው።

መክብብ፦ ለምኑልኝ። ጥፋቱ የእሱ ነው በሉልኝ። ሌላውን ሻንጣም ይፈታል በሉ። ፊልሙን ሁለተኛ ስሙን አላነሣም፤ ከዛሬ ጀምሮ እጥለዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ፦ ማን ጣል አለህ? ሰባት ዓመት የተደከመበትን? እሷ እኮ አንድ ነገር ነው የጠየቀችው።

መክብብ፦ ምን?

ጋሽ እንድሪስ፦ ፊልሙን። "ላሚቱ እንቅልፌ ውስጥ ትሰማኝ ነበር፤ ምን ስትል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ" ብላለች። እስከ መጨረሻው ልታየው ነው። ከዚያ ኑ ወይም ቅሩ ትለናለች።

መክብብ፦ ማኅደር እንደዚያ አለች? ዛሬውኑ ይዤላት እሄዳለሁ። ድምፁ ጥሩ የሆነ ማጫወቻ አለኝ፣ መጋረጃውን እኔ—

ጋሽ እንድሪስ፦ አንተ በሌለህበት ነው ያለችው።

መክብብ፦ ብቻዋን?

ጋሽ እንድሪስ፦ ብቻዋን። ፊልሙ ያለበት ፍላሽ የታለ?

መክብብ፦ ኪሴ ውስጥ ነው። ለማንም ሰጥቼው አላውቅም፤ ከእህቴ በቀር፣ እሱም ምን እንዳመጣ ነገርኩዎት።

ጋሽ እንድሪስ፦ አውጣውና እዚህ መቀሱ አጠገብ አስቀምጠው።

መክብብ፦ ይኸው። የዘፈኖቹ ትርጉም አብሮ አለበት፤ ግን ጋሼ፣ ካልተብራራ የማይገባ ብዙ ቦታ አለው። እኔ በሌለሁበት ማን ያስረዳታል?

ጋሽ እንድሪስ፦ ላሚቱ።