ለቤት የተለዩት ዶሮዎች

ለድመቴ የቁንጫ መድኃኒት ልገዛ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ብገባ፣ እንቁላል የሚሸጡልንን ጎረቤቴን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሰፈሩ በሌሉበት «ጋሽ አስኳል» ይላቸዋል። ዶሮዎቻቸው እያነጠሱ ማለቅ ጀምረዋል። በየማለዳው ውኃቸው ውስጥ የሚበጠብጡላቸው አንቲባዮቲክ እንደ ተራ ዱቄት ሆኖባቸው፣ ሻጩን ጠንከር ያለ እንዲሰጣቸው ይለማመጡታል።

«ጠንከር ያለውንስ ተሕዋሱ እስኪለምደው ነው አጎቴ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላችን።

የእህታቸው ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም። በየእርባታው እየዞረች የትኛው መድኃኒት፣ ለምን በሽታ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ ትከታተላለች። የሰው ሁሉ በር ሲከፈትላት የአጎቷ ግን እንደተዘጋ ነው።

«የሰው ጓዳ መቁጠርም ሥራ ሆነና!» አሉ ጋሽ አስኳል።

እሷ በትሕትና አስረዳች። ሳይታመሙ በየቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት ደካማውን ተሕዋስ ይገድላል፤ የተረፈው ብርቱው ይራባል። እሱ ወደ ሰው ሲሻገር የሐኪም ቤቱም መድኃኒት አይበግረውም። የት ምን ያህል እንደሚሰጥ ካልታወቀ ደግሞ ማን ያስቆመዋል?

«እንግዲህ ተሕዋስም ትምህርት ቤት ገባ በይኛ።»

«ገብቷል። አስተማሪው እርስዎ ነዎት።»

ሻጩ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ከባንኮኒው ሥር ገባ። ጋሽ አስኳል ግን ደማቸው ፈላ፤ የሚደብቁት እንደሌለ ሊያሳዩ፣ እኔን ምስክር አድርገው ሁለታችንንም ወደ ግቢያቸው ነዱን።

የትልቁ ዶሮ ቤት አየር ዓይን ያቃጥላል፤ ጉዝጓዙ ረጥቧል። ሐኪሟ የሚያስነጥሳቸው ይህ እንደሆነ፣ መድኃኒት ደግሞ ቤት እንደማይጠርግ ተናገረች። ከጓዳው ጀርባ ግን አንዲት ንጹሕ ትንሽ ዶሮ ቤት አለች፤ ጥቂት ዶሮዎች ደልቷቸው ይጭራሉ።

«እነዚህስ መድኃኒቱን ይጠጣሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ እነሱማ የቤት ናቸው» አሉ በኩራት። «የልጅ ልጆቼ የሚበሉት የእነሱን ነው።»

ቃሉን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በትልቁ ቤት እንቁላል ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። ያፈሩት እሳቸው፣ ላብ ያጠመቀኝ እኔ።

«ለካስ ጉዳቱን ያውቁታል» አለች ሐኪሟ በቀስታ። «እኔ በከንቱ ስደክም።»

«ጻፊ» አሉ ጋሽ አስኳል። «ይህችንም ቤት ጻፊያት።»

ጉዝጓዙ ተቀየረ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ክትባቱም በጊዜው ሆነ። ማስነጠሱ ቀረ። አሁን መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪሟ መርምራ ስታዝ ብቻ ነው፤ መጠኑም ይመዘገባል። መድኃኒቱ ከዶሮዎቹ ሰውነት እስኪወጣ ድረስ እንቁላል የለም ተብለን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ ቅር የሚለው ግን የለም። የሚያውቀውን የሚናገር ነጋዴን ገበያ አይሸሸውም።

ትንሿን ዶሮ ቤት ጋሽ አስኳል በገዛ እጃቸው አፈረሷት። የልጅ ልጆቻቸውም እኛ የምንገዛውን ይበላሉ። ለምን እንዳፈረሷት ሰፈሩ አያውቅም፤ እኔም ትንፍሽ አላልሁም። እሳቸው ግን እንቁላሉን ሲያቀብሉኝ፣ እስከ ዛሬ ጫማዬን እንጂ ፊቴን አያዩም።