የጋራ ዲሽ

ከሶዶ ወደ ተበላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የጎረቤትሽ የአስቴር ቲቪ ተሠራ?»

«የት ተሠርቶ! ምስሉ ይቆራረጣል፣ የሰው ፊት ብትንትን ይላል።»

«ያ ለጊፋታ በዓል የተገዛው ኤችዲ? ባሏ ሰፈሩን ሰብስቦ ያስመረቀው?»

«እሱ ነዋ። እኔንም ጠርታኛለች። ‹ነይ እዪ፣ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል› አለችኝ።»

«ገመዱን ቀየሩ?»

«ገመዱንም ሪሲቨሩንም። ባለሙያው ሁለቴ መጥቶ ‹ቲቪው ደህና ነው› ብሎ ሄደ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ዲሹ የጋራችን ነው። የተተከለው ደግሞ በእኔ ጓሮ።»

«እና?»

«ብርድ ልብስ አሰጣበታለሁ።»

«በየቀኑ ብርድ ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«ምን አጥባለሁ! ደረቅ ከሆነ ምስሉን አይከለክልም። ቲቪውን ሲከፍቱ ድምፁ ይሰማኛል፤ ያኔ ወጥቼ በጆግ ውኃ አፈስበታለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ! የአንቺስ ቲቪ አብሮ አይጠፋም?»

«ይጥፋ!»

«ታዲያ ምን ታያለሽ?»

«በመስኮት የእሷን ፊት።»

ተበላ እስክንደርስ፣ እኛ ግቢ የጋራ ዲሹ ላይ ጎረቤቴ ሁልጊዜ የምታሰጣው ቀይ ብርድ ልብስ ከዓይኔ አልጠፋም።