የናቲ ሁለት ቧንቧ

የአራት ዓመቱ ልጄ ናቲ ሽንቱን ሲሸና ሱሪውን ሳያረጥብ ቀርቶ አያውቅም። እኔም "ቀጥ አድርገህ ሽና" እያልኩ ዓመት ሙሉ ስቆጣው ከረምኩ። አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ታክሲ ስንጠብቅ "አባዬ፣ ሽንቴ መጣ" አለኝና ወደ አጥሩ አዞርኩት። ጎናችን የቆሙ አንድ አዛውንት ጫማቸው ራሰ። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቅ እሳቸው የረጠበውን መሬት በጽሞና ያያሉ።

"ልጁን አትቆጣው። ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ የዚህ ልጅ መስመሩ ሁለት ነው። አንዱ ወደ አጥሩ፣ አንዱ ወደ እኔ። ሐኪም ይየው" አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ግን አላስችል ብሎኝ በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ራጅ ካስነሳችው በኋላ፣ "ሁለት የሽንት ቧንቧ ይዞ ነው የተወለደው። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያጋጥመን ከስንት አንዴ ነው። ማን ጠርጥሮ ላከዎት?" አለችኝ።

"ቧንቧ ሠራተኛ" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች።

ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከዳነ በኋላ የናቲ ሽንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወረደ። ያ ሁሉ ቁጣዬ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ወዲያ ወዲህ ፈለገና፣ "አባዬ፣ ሌላኛውን ማን ወሰደው?" አለኝ።