የቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ቤት

ቆዩኝ እስቲ፣ ሳቄን ልዋጥ። በለቅሶ መሳቅ ነውር ነው፤ ግን ወንድም ጋሼ ዱቄት ለብሰው ከምድጃው ቤት ብቅ ቢሉ የገዛ ውሻቸው ሳያውቃቸው ቀርቶ ሲያባርራቸው፣ አጥር ዘለው ጎረቤት ግቢ የገቡበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው። ደጉን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጬላችኋለሁና፣ ወገኖቼ፣ እንባችሁን አሁን አትጨርሱት።

አቶ አለኸኝ ሙሉሰው፣ ከአባታችን ከቀጥቃጭ ሙሉሰው ካሴና ከእናታችን ከወይዘሮ ማሚቱ እጅጉ፣ በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታችን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ፣ አገሩ ሁሉ በእጃቸው ሥራ አርሶ የሚያጭድ ሰው ነበሩ፤ ያው አገር ግን እህሉን ከጎተራ ካስገባ በኋላ «ጠይብ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» እያለ ይሸሸን ነበር። ድግስ ስንጠራም ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠን በቅጠል እንበላለን። ወንድሜ ፊደል ሊቆጥሩ ከየኔታ ዘንድ ቢገቡም፣ የልጆቹ እናቶች «ልጆቻችን ከጠይብ ልጅ ጋር ቆሎ አይካፈሉም» ብለው ስላወኩ፣ ንባብ እንኳ ሳይዘልቁ ወደ ወናፉ ተመለሱ።

ጎልማሳ ሲሆኑ ደብረ ማርቆስ ወርደው ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ተቀጥረው ማቡካቱን ተማሩ፤ እሳቱንስ ከአባታቸው ያውቁታል። በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ወደ ፍኖተ ሰላም መጥተው፣ ከእኛ ወገን ማንም ደፍሮት የማያውቀውን፣ ሰው ወደ አፉ የሚያደርገውን ነገር ሊሸጡ፣ ምድጃውን በገዛ እጃቸው ሠርተው ዳቦ ቤት ከፈቱ። የገበሬ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ሲሳይነሽን ቢያገቡ፣ የሙሽራዪቱ ወገን «ሞተችብን» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ልጃቸው በሕይወት እያለች፣ እቴ! ከእርሳቸውም ቸኮለንና አስካለ ማርያምን ወለዱ።

ዳቦውን ሾፌሩ በላው፣ ወታደሩ በላው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ሽታው ምራቁን እያስዋጠው በማዶ አለፈ። ሰንበቴ ገብተው፣ ተራቸው ደርሶ፣ ድፎ ደፍተው ቢያቀርቡ ማኅበርተኛው በሙሉ «ጠግቤያለሁ» አለ። ያን ድፎ እንዳለ ተሸክመው ሲመለሱ ከኋላቸው ነበርኩና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይተዉአቸው፤ ይቅርባቸው!» ብላቸው፣ «አይደለም፤ የጎረቤቴ እጅ ዳቦዬን ሲቆርስ ሳላይ መሞት አልፈልግም» አሉኝ። ምኞታቸው ይህች ብቻ ነበረች።

በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. የቀበሌው ካድሬ «ጠይብ ጨዋ የሚባል ነገር ቀርቷል» ብሎ ሰፈሩን ለስብሰባ አስወጥቶ፣ ዳቦውን አስጭኖ አምጥቶ፣ ታጣቂ አቁሞ «ብሉ!» አለ። ሰውም በላ። በልቶም ከአጥር ጀርባ እየሄደ ተፋው። ተራው ከእማሆይ ወለተ ሥላሴ ሲደርስ፣ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት፣ በእኛ ደጅ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የሚይዙት እማሆይ፣ ዳቦውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ጠመንጃው ያዩ ጀመር። ወንድሜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ዳቦውን ከእጃቸው ተቀበሉና «ይተዉት እማሆይ፤ ዳቦ በጠመንጃ አይበላም» አሉ። ካድሬው «ለአንተው ብለን!» ቢል፣ «ለእኔ ከሆነማ ሰዉን ወደ ቤቱ ስደደው» ብለው መለሱለት።

ጸረ አብዮት ተብለው ታሠሩ። ምድጃው በረደ፤ ወይዘሮ ሲሳይነሽ ልጆቻቸውን ይዘው ጠላ ሸጡ። ወንድሜ ከእስር ቤቱ እርጥብ ወለል ላይ ያገኙትን ሳል ይዘው ሲፈቱ፣ በደጃቸው የተከመረ ማገዶ አገኙ። የሰፈሩ ሰው ነው ያስቀመጠው፤ ማን እንደሆነ የተናገረ የለም። ማገዶውን ሰጡ፣ ዳቦውን ግን አሁንም አልበሉም። እንዲህ ነው ሰው፤ ልቡ ቀድሞት ይሄዳል፣ አፉ ኋላ ይቀራል።

ከዚያ ቸኮለ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ወሬውም ጠፋ። አባትየው ሊጥ እያቦኩ ወደ መንገዱ ያዩ ነበር። ሳሉ እየበረታ ደረታቸውን ዘግቶት አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ምድጃውን አስካለ ማርያም ተረከበች። በዚሁ ሕመም በዚህ በ፲፱፻፹፩ ዓ.ም. ትናንት ሲመሽ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸው አስካለ ማርያምን፣ እኔን እህታቸውን፣ ይመጣል ብለን ስሙን ከሙታን ጋር የማንጠራውን ቸኮለንም ትተውልን ሄደዋል። ከሰው ማዕድ የተከለከለውን ነፍስ እግዚአብሔር ከማዕዱ አያርቅብን፤ ከአብርሃም ጎን፣ ከመካከል እንጂ ከጥግ አያስቀምጥብን። አሜን በሉ።

እንግዲህ ያስቀመጥኩላችሁ ይህ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ በከዘራ እየተደገፉ፣ የሰንበቴውን ሴቶች አስከትለው፣ ማንም ሳያዝዛቸው መጡ። ካልጋው አጠገብ ተቀምጠው «አለኸኝ ልጄ፣ ዳቦ አለህ ወይ?» አሉ። ወንድሜ መናገር አቅቷቸው በዓይናቸው ወደ ምድጃው ቤት አመለከቱ። አስካለ ማርያም እየሮጠች ገና ከምድጃ የወጣውን አመጣች። እማሆይ አማተቡና ቆረሱ፤ ለሴቶቹም አደሉ፤ ጎረሱም። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። ወንድሜ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉና፣ በዚያች በቀረቻቸው ትንፋሽ፣

«ቀስ ይበሉ እማሆይ፤ ትኩስ ነው፣ ያቃጥልዎታል» አሉ።